የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

የዚህን ወር ርዕስ የመረጠችልኝ በመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ባልደረባዬ ናት። ቤቷ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ቢሯችን ደግሞ ለገሀር አካባቢ። ጠዋት ልጇን አጸደ ሕፃናት አድርሳ ታክሲ ትይዛለች፤ የማታውን ሰልፍ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰሞኑን ዕቁብ ወጣላትና አንድ ማስታወቂያ በስልኳ አሳየችኝ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። «አንዴ ቻርጅ ተደርጎ እስከ 80 ኪሎ ሜትር» ይላል። «እኔ ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር ብሄድ ነው። በሳምንት አንዴ ቻርጅ ካደረግሁት ይበቃኛል ማለት ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በ80 ላይ አልነበረም፤ ከፊቱ ባለችው «እስከ» ላይ ነው። በእኛ ሙያ ይህች ቃል ውሸት አይደለችም፤ ግን ብዙ ነገር ትሸከማለች። «እስከ 80» ማለት ቀለል ያለ ሰው፣ በሜዳ መንገድ፣ ነፋስ ሳይገጥመው፣ በአዲስ ባትሪና በደንብ በተነፋ ጎማ፣ ሞተሩን በትንሹ እያስረዳ አብዛኛውን በእግሩ እየገፋ ቢሄድ የሚደርስበት ጫፍ ነው። ማስታወቂያው ውስጥ ሽሮ ሜዳ የለም። ከኋላ የተቀመጠ ልጅም የለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል ራሱ ሻጭ ሆኗል። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ያገኙ መንገዶችም እየበዙ ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ወደ ብዙዎቻችሁ ቤት መምጣቱ አይቀርም። በዚህ ወር ማስታወቂያውን እንዴት እንደምታነቡት፣ ከገዛችሁ በኋላም ያ ሁሉ ቁልፍና ቁጥር ምን እንደሚሠራ እናያለን። ለባልደረባዬ የሰጠኋትን መልስም መሀል ላይ ታገኙታላችሁ።

ሁለት ቁጥሮችን አባዙ

ባትሪው ላይ ወይም ከባትሪው ሥር የተለጠፈ ወረቀት አለ። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ፤ አንዱ ቮልት፣ ሌላው አምፔር ሰዓት ነው። ሁለቱን አባዙ። ባልደረባዬ ያሳየችኝ ብስክሌት 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነበር። ሲባዛ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። የብስክሌቱ «የነዳጅ ታንከር» ይኼው ነው። ሌላ ሱቅ ያለው 48 ቮልት፣ 13 አምፔር ሰዓት ከሆነ 624 ይመጣል። የመጀመሪያው «እስከ 80»፣ ሁለተኛው ደግሞ «እስከ 70» ብሎ ቢጽፍ እንኳ ትልቁን ታንከር የያዘው ሁለተኛው ነው። ሻጩ ዋት ሰዓቱን ሊነግራችሁ ካልቻለ ወይም ባትሪው ላይ ምንም ጽሑፍ ከሌለ እኔ ብሆን ከዚያ ሱቅ አልገዛም።

አሁን 360ን ለ80 አካፍሉት፤ 4.5 ነው። ማስታወቂያው ለአንድ ኪሎ ሜትር 4.5 ዋት ሰዓት ብቻ እየፈጀ ይሄዳል እያለን ነው። በሜዳ ላይ እግራችሁን ከሞተሩ ጋር እኩል እያሠራችሁ ብትሄዱ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፔዳል ሳትመቱ ማፍጠኛውን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ከ15 እስከ 20 ይደርሳል። ያው 360 በመጀመሪያው አነዳድ 36 ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስኬዳችኋል ማለት ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትኖሩ አንባቢያን ከዚህ ሒሳብ ብዙም አትርቁም። ከተሞቻችሁ ሜዳ ናቸው፤ ብስክሌቱንም ከእኛ በፊት ነው የለመዳችሁት።

አዲስ አበባ ግን ሌላ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በአንድ ከተማ ውስጥ ከ700 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። እናንተ፣ ብስክሌቱና ቦርሳችሁ አንድ ላይ 100 ኪሎ ብትመዝኑ፣ 100 ሜትር ከፍታ መውጣት ብቻውን በሞተሩ የሚባክነው ተጨምሮ 35 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ይህ እናንተ በእግራችሁ ምንም ካልረዳችሁት ነው። ስልካችሁ ላይ ከፍታ የሚያሳይ አፕሊኬሽን ካለ ቤታችሁ በርና ቢሯችሁ በር ላይ ቆማችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ልዩነቱ 250 ሜትር ቢሆን ለዳገቱ ብቻ ወደ 90 ዋት ሰዓት ያዙለት። ለርቀቱ ደግሞ 50 ወይም 60 ጨምሩበት። የአንድ ምሽት ወደ ቤት መመለስ ከ360ው 40 በመቶ ያህሉን ወሰደ ማለት ነው።

ለባልደረባዬ የሰጠኋት መልስም ይኼው ነው። ብስክሌቱ ወደ ቤቷ ይመልሳታል፤ ግን በሳምንት አንዴ ሳይሆን በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ማድረግ ይኖርባታል። የእሷ መንገድ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ጠዋት ቁልቁለት ነው፤ ባትሪው ሳይነካ ቢሮ ትደርስና «ምንም አልፈጀም!» ትላለች። ሒሳቡ የሚመጣው ማታ፣ በደከማት ሰዓት፣ ከስድስት ኪሎ በላይ ነው። መኖሪያችሁ ላይኛው ሰፈር፣ ሥራችሁ ታችኛው ሰፈር ከሆነ ጠዋት በታየው ቁጥር አትወስኑ።

«ቁልቁለት ላይ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል» የሚል ሻጭም ይገጥማችኋል። ይህን የሚያደርጉ ብስክሌቶች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው፤ የሚመልሱትም ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ የጎማ ሞተሮች ወደታች ስትወርዱ እንዲሁ ይፈታሉ እንጂ ምንም አያመነጩም።

ዋት ብቻውን ዳገት አይወጣም

ማስታወቂያዎች ቀጥለው የሚጮኹበት ቁጥር ዋት ነው። 250፣ 500፣ 750። የአውሮፓ ሕግ ብስክሌት ተብሎ እንዲቆጠር የሚፈቅደው ሞተር 250 ዋት የማያቋርጥ ጉልበት ያለው ነው። ድጋፉም ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መቋረጥ አለበት። በዚህ ሕግ የተሠራ ብስክሌት ገዝታችሁ 25 ላይ ሞተሩ ዝም ቢል አልተበላሸም፤ እንዲያ እንዲያደርግ ነው የተሠራው። ልጓሙን «እፈታላችኋለሁ» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ፍሬኑም ሆነ ሽቦው የተለካው ለዚያ ፍጥነት ስለሆነ እኔ አልመክርም።

ዳገት ለሚበዛበት ሰፈር ከዋት ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው ኒውተን ሜትር የሚባለው የማዞር ጉልበት ነው። 40 ያለውና 80 ያለው ሞተር ዋታቸው እኩል 250 ሊሆን ይችላል፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ግን አይመሳሰሉም። ሁለተኛው የሞተሩ ቦታ ነው። ርካሾቹ ላይ ሞተሩ የኋላ ወይም የፊት ቸርኬ መሀል ነው። ውዶቹ ላይ ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ይኸኛው ጉልበቱን በካቴናው በኩል ስለሚልክ ማርሽ ስትቀንሱ እሱም አብሮ ይቀንሳል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይጨነቅ ይወጣል። የቸርኬው ሞተር ግን ማርሻችሁን አያውቀውም። ፍጥነቱ በእግር መሄድ ያህል ሲወርድ የሚበላው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሲደጋገምም ይቃጠላል። የቸርኬ ሞተር ካላችሁ መላው ይህ ነው፤ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፣ በእግራችሁ እርዱት፣ ቆሞ ሊቀር ሲል ደግሞ ወርዳችሁ ግፉ። ማፍጠኛውን ጨምቆ መያዝ ሞተሩን መግደል ነው።

በእግር መርዳት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጤናማ የሆነ፣ ስፖርተኛ ያልሆነ ሰው ብዙ ሳይደክመው ከ75 እስከ 100 ዋት ያህል በእግሩ ያወጣል። ለ250 ዋት ሞተር ይህ ትልቅ አጋር ነው። ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። የነዳጅ ሞተር በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ እንጦጦ ላይም ያው ነው። የሚያለከልከው እኛው ነን።

መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች

ወደ አሠራሩ እንግባ። መሪው ላይ ትንሽ ስክሪንና አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ ማብሪያ፣ መደመሪያ፣ መቀነሻ። ማብሪያውን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። ነካ አድርጎ መልቀቅ አያበራውም፤ «አዲሱ ብስክሌቴ አልነሣ አለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ካበራችሁ በኋላ መደመሪያውና መቀነሻው ሞተሩ የሚረዳችሁን መጠን ይመርጣሉ፤ ከ0 እስከ 5፣ አንዳንዱ እስከ 3 ብቻ። 0 ማለት ስክሪኑና መብራቱ ይሠራሉ፣ ሞተሩ ግን ዝም ይላል ማለት ነው። ለቁልቁለት 0 ወይም 1 ይበቃል። 5ን ለዳገት አስቀምጡት። ሜዳ ላይ በ5 የሚሄድ ሰው ባትሪውን እየረጨው ነው።

መደመሪያውን ተጭኖ መያዝ በብዙዎቹ ላይ የፊት መብራቱን ያበራል። መቀነሻውን ተጭኖ መያዝ ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚኖር ነገር ይሠራል፤ ወርዳችሁ ስትገፉት ሞተሩ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ በሰዓት እስከ 6 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ አብሯችሁ ይገፋል። እነዚህ ብስክሌቶች ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ 25 የሚሞሉም ብዙ ናቸው። ኮብልስቶን ዳገት ላይ ብስክሌት ገፍታችሁ ታውቁ እንደሆነ የዚህ ቁልፍ ውለታ ይገባችኋል። የእናንተው ስክሪን ቁልፎቹን ቀያይሯቸው ሊሆን ስለሚችል ሻጩ ፊት ቆማችሁ እያንዳንዱን አሠርታችሁ እዩ።

የባትሪው ምልክት ያታልላል። አምስት መስመር አሳይቶ የነበረው ዳገት ላይ በድንገት ሁለት ይሆናል፤ ቆም ስትሉ ተመልሶ አራት ይላል። አልተበላሸም። ሞተሩ ብዙ ሲጎትት የባትሪው ቮልት ለጊዜው ይወርዳል፤ ስክሪኑ ደግሞ የሚያነበው ቮልቱን ነው። እውነተኛውን ለማወቅ ሜዳ ላይ ቆማችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ተመልከቱ። መሄጃችሁን በመስመር ሳይሆን በኪሎ ሜትር መዝግባችሁ ብትይዙት ደግሞ የተሻለ ነው። ቻርጅ ስታደርጉ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉት፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእናንተ ብስክሌት በእናንተ መንገድ ስንት እንደሚሄድ ከማንም ሻጭ በላይ ታውቃላችሁ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፤ ሞተሩ መቼ እንደሚነሣ ማወቅ። አንዳንድ ብስክሌት የፔዳሉን መዞር ብቻ የሚያይ ሴንሰር አለው። ፔዳሉ ግማሽ ዙር ሲዞር ሞተሩ ይነሣል፤ ፔዳሉን ብታቆሙም ለአፍታ መግፋቱን ይቀጥላል። ሌላው ዓይነት ፔዳሉን የረገጣችሁበትን ኃይል ይለካል። ቀስ ብትረግጡ ቀስ ብሎ፣ ጠንክራችሁ ብትረግጡ ጠንክሮ ይረዳል። ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለጀማሪና ልጅ ለሚጭን ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ የተገዛው፣ መንታ መንገድ ላይ ቆማችሁ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፋችሁ አትጠብቁ። ሳታስቡት ትንሽ ከዞረ ወደ ሚኒባሱ ይወስዳችኋል። ስትቆሙ ፍሬን ያዙ፤ ስትነሡ በደረጃ 1 ተነሡ።

ፍሬን ስትይዙ ሞተሩ ወዲያው መቋረጥ አለበት። ጥሩ ብስክሌቶች የፍሬን መያዣው ላይ ለዚህ የተሠራ ቀጭን ሽቦ አላቸው። ሱቁ ውስጥ ሻጩ የሞተሩን ጎማ ከመሬት ያንሣላችሁ፤ ማፍጠኛውን በትንሹ ነካ አድርጉና ፍሬኑን ያዙ። ሞተሩ በዚያችው ቅጽበት ዝም ካላለ ክፍያ አትፈጽሙ። ማፍጠኛ ከሌለው ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ያው ሙከራ ይሠራል። ፍሬኑ ራሱ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጣትም አያደክምም፣ ከእንጦጦ ሲወረድም አይከዳም። በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ካለው ሽቦው እየላላ ስለሚሄድ በየጊዜው ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሸራውም ከተራ ብስክሌት ቶሎ ያልቃል፤ የሚያቆመው ክብደት ብዙ ነውና።

ልጅ ከኋላ ሲቀመጥ

ባልደረባዬ ብስክሌቱን የምትፈልገው በዋናነት ለዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። የኋላ ዕቃ መጫኛው ብረት ላይ የሚችለው ኪሎ ተቀርጾ ወይም ተለጥፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ 25 ወይም 27 ኪሎ ነው። ምንም ካልተጻፈበት ለዳቦ ይሁን እንጂ ለልጅ አይሁን። በአውሮፓ መለኪያ የተሠሩ የኋላ የልጅ መቀመጫዎች ከ9 እስከ 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ናቸው። የልጅና የመቀመጫው ክብደት ሲደመር ከብረቱ አቅም ማለፍ የለበትም። ባትሪው ራሱ እዚያው መጫኛ ሥር የሚገባበት ብስክሌትም አለ፤ ያ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለሚከማች መሪው ይቀልላል። ዳገት ላይ ስትነሡ የፊት ጎማው እንዳይነሣ ወደፊት ዘንበል በሉ።

ቅደም ተከተሉን ልማድ አድርጉት። መጀመሪያ ኃይሉ ይጥፋ፣ ቀጥሎ ልጁ ይቀመጥና ይታሰር፣ ከዚያ እናንተ ሁለት እግራችሁን መሬት አስይዛችሁ ቁሙ፣ በመጨረሻ ኃይሉ ይብራ። ሲደረስ ተቃራኒው ነው። የሚጠመዘዝ ማፍጠኛ ያለው ብስክሌት በርቶ ከቆመና አንድ የሦስት ዓመት ልጅ መሪውን ከያዘ ብስክሌቱ ዘሎ ይሄዳል። ልጅን መቀመጫው ላይ አድርጎ ብስክሌቱን በመቆሚያው ብቻ አቁሞ ወደ ሱቅ ገባ ማለትም አይታሰብ። ሄልሜት ለሁለታችሁም ነው። ለልጁ ብቻ የሚገዙ ወላጆች አያለሁ፤ ልጁን የሚነዳው ማን ሆኖ ነው?

ባትሪው የሚያድርበት ቦታ

ብዙዎቻችን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ መውጫው በር አንድ ነው። ሊቲየም ባትሪ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። ሲቃጠል ግን በፍጥነት፣ በብዙ ጭስ ነው የሚቃጠለው፤ ለማጥፋትም አስቸጋሪ ነው። ኒውዮርክ ከተማ ሰዎች በዚህ ዓይነት እሳት ከሞቱባት በኋላ ከ2023 ወዲህ ዩኤል 2849 የተባለውን የደህንነት መለኪያ ያላሟላ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። በአውሮፓው በኩል የምትፈልጉት ጽሑፍ ኢኤን 15194 ነው። ከሁለቱ አንዱ የተጻፈበት ብስክሌት ዋጋው ከፍ ቢልም ያ ጭማሪ ለጌጥ የተከፈለ አይደለም።

ለሊቲየም አዮን ባትሪ ቻርጀሩ ላይ የሚታይ አንድ ቁጥር አለ። ለተለመደው 36 ቮልት ባትሪ የቻርጀሩ ማውጫ 42 ቮልት፣ ለ48 ቮልት ባትሪ 54.6 ቮልት መሆን አለበት። የጎረቤት ቻርጀር ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ አይሠራም። 54.6 ቮልቱን 36ቱ ባትሪ ላይ መሰካት እሳት መለኮስ ነው። ቻርጀሩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ የማስገቢያውን ቁጥር አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ የእኛን 220 ይቀበላል፤ 110 ወይም 120 ብቻ ካለ አትሰኩት። ውጭ ያለ ዘመድ ባትሪ በሻንጣ ይዞ ይምጣ የምትሉም ተዉት። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ የብስክሌት ባትሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ በላይ ነው።

ቻርጅ የምታደርጉት ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት ይሁን። አልጋ ሥር፣ ሶፋ ላይ፣ መውጫው በር አጠገብ አይሁን። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ፣ መጋረጃ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ እንጂ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አይደረብ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመጣ ወዲያው ሳይሆን ከተረጋጋ በኋላ መልሱት፤ ይህን ለፍሪጅም ስለምታደርጉት አዲስ አይሆንባችሁም። ከጉዞ እንደገባችሁም ባትሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ስንት ሰዓት ይፈጃል ካላችሁ የባትሪውን አምፔር ሰዓት ለቻርጀሩ አምፔር አካፍሉ። 10ን ለ2 ብታካፍሉ አምስት ሰዓት ነው፤ መጨረሻው ላይ ስለሚዘገይ ትንሽ ጨምሩበት። ከምሽቱ 12 ሰዓት የተሰካ ባትሪ ከመኝታ በፊት ይደርሳል። ያበጠ፣ የሸተተ፣ ክፉኛ ወድቆ የተሰነጠቀ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ ቤት ውስጥም አያድርም። ጭስ ካያችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ባትሪውን ለማዳን አትሞክሩ።

የመብራት ሒሳቡ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ባለ 360 ዋት ሰዓቱን ከባዶ ለመሙላት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ስለዚህ ምጣዱን ሰባት ስምንት ደቂቃ እንደማብራት ነው። ሁለት ሦስት እንጀራ ማውጫ! ወጪው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባትሪው 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጥሩዎቹ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ለብቻው ሲገዛ ደግሞ ከብስክሌቱ ውዱ ዕቃ እሱ ነው። ስለዚህ የታክሲውን ወርኃዊ ወጪ ይዛችሁ «በስንት ወር ይመልሳል?» ብላችሁ ስታሰሉ የሁለተኛውን ባትሪ ዋጋ ከወዲሁ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት። ሻጩንም «መለዋወጫ ባትሪው አላችሁ? ዋጋው ዛሬ ስንት ነው?» በሉት። የማይመልስ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

በጣም ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ባትሪው ሊድ አሲድ፣ ማለትም እንደ መኪና ባትሪ ያለ ሊሆን ይችላል። ባለ 48 ቮልቱ አራት ባትሪ ተደርድሮ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ ብቻውን መልስ ነው።

ክረምትና ጎሚስታ

ዝናብ እነዚህን ብስክሌቶች አይገድላቸውም፤ አብዛኞቹ ሽፋናቸው ፍንጣቂ ውሃ ይችላል። ወደ ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ማጠብ ግን ሞተሩና ስክሪኑ ውስጥ ውሃ መርጨት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጎርፍ ያለፈበትን መንገድ የጎማው መሀል እስኪጠልቅ ድረስ አትሻገሩ። ባትሪውን ስታወጡ መሰኪያውን ደረቅ ጨርቅ አስነኩት። መልሳችሁ ስታስገቡም «ቀጭ» እስኪል ገፍታችሁ በቁልፉ ቆልፉት፤ ያልተቆለፈ ባትሪ ኮብልስቶን ላይ ወልቆ ይወድቃል።

የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ሊያመነታ ይችላል። ቸርኬው ውስጥ ሞተር ካለ ከእሱ የሚወጣ ወፍራም ሽቦ አለ። ከጎማው ትንሽ ራቅ ብሎ የሚነቀል ማገናኛ አለው፤ ላዩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀስት ተስሎበታል፤ ሳይጠማዘዝ በቀጥታ ይሳባል፣ ሲመለስም ቀስቶቹ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ኃይሉን አጥፉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ማገናኛውን ራሳችሁ ንቀሉለት፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደ የጎሚስታ ሥራ ነው። ሲመልስ ከብሎኑ ሥር ያሉትን ማጠቢያ ብረቶች በነበሩበት ቅደም ተከተል ያስገባ፤ አንደኛው ሞተሩ ራሱን በራሱ እንዳያዞር የሚይዘው ነው። ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት ክርክር ይቀንሳል። ጎማውን ደግሞ ጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ አስነፉ፤ የላላ ጎማ ባትሪውንም ይበላል፣ ቶሎም ይፈነዳል።

ለበዓል አገር ቤት ሄዳችሁ ወይም የመስክ ሥራ ወጥታችሁ ብስክሌቱ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ሊቲየሙን ባትሪ ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከብስክሌቱ አውጥታችሁ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት። ሙሉ ተደርጎም ባዶ ሆኖም መክረም አይወድም። ሊድ አሲድ ከሆነ ግን ሙሉ ተደርጎ ነው የሚቆየው። በወር አንዴ ቤት ያለ ሰው አይቶት ቢሞላው ስትመለሱ እንደተዋችሁት ታገኙታላችሁ።